የወንድሜ ደጋን፣ የእኔ ክር

ጥር 3፣ ጠዋት 1፡30

ደብተሬ፣ አስቀድመህ ይህን እወቅ፤ ደጋኑ የእኔ አይደለም። የታላቅ ወንድሜ የጥሩነህ ነው። እሱ ጠረበው፤ በልጁ እጅ ላከልኝ። እኔ አደራ ተቀባይ ነኝ። ቀጥሎ የምጽፍብህን ሁሉ ይህን ይዘህ ተቀበለኝ።

ልኬት። እንጨቱ ወይራ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ82። ከልጁ ከብርቱካን ቁመት በአንድ ስንዝር ይበልጣል። መጨበጫው ላይ ወፍራም፣ ወደ ጫፎቹ ቀጭን። በሁለቱም ጫፍ የአውታሩ ቀለበት የሚያርፍበት ቁርጥ አለ። በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። ላይኛው ንጹሕ። ታችኛው ንጹሕ። መስመር የለም፣ ስንጥቅ የለም።

አውታሩ ጅማት ነው። ከበሬ ጀርባ የወጣ፣ ደርቆ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ጭን ላይ የተገመደ። ውፍረቱ እንደ ከዘራዬ ጫፍ አይደለም፣ የእርሳስ እምብርት ሁለት እጥፍ ይሆናል። እዚህ እዚያ ጎርበጥ ይላል። የእጅ ሥራ።

ብርቱካን ትናንት ከደ/ኤልያስ ገባች። የጥሩነህ ልጅ፤ ሃያ አራት ዓመቷ። የባህል ስፖርት ምርጫው የካቲት 9 እዚሁ ደ/ማርቆስ ነው። እስከዚያ እኛ ቤት ትቀመጣለች። አሠልጣኟ እኔ ነኝ፤ በሹመት ሳይሆን ሌላ ሰው ስለሌለ። አምና ሦስተኛ ወጣች፤ የሚያልፉት ሁለት ናቸው። ያን ቀን ያለ ወቅቱ ካፊያ ጣለ፣ ጅማቱ ረጥቦ ላላ፣ የመጨረሻዎቹ ፍላጻዎቿ ከሰሌዳው በታች መሬት ነከሱ። ሃያ አምስት የሞላትን አይወስዱም። ዘንድሮ መጨረሻዋ ነው። ካላለፈች የአባቷ ማሳ ይጠብቃታል። ማሳውን አትጠላም። የምትጠላው ሦስተኛነትን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። የጥሩነህ እጅ ከክረምት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ደጋን አይጠርብም። እሱ አልነገረኝም። መጥረቢያውን ለጎረቤት መስጠቱን ከብርቱካን ሰማሁ።

ጥር 5፣ ከሰዓት

የመጀመሪያው ሙከራ። ከዚህ በኋላ ጅ. ማለት ጅማት ነው።

ቦታ፦ ከቤታችን በታች፣ የታጨደው የገብስ ማሳ። ነፋስ፦ ጥቂት፣ ከግራ። ሃያ ፍላጻ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀርከሃ፣ ሁሉንም ብርቱካን ወረወረች። አማካይ ርቀት 118 ርምጃ። ርምጃው የእኔ ነው፤ ሦስት ጊዜ በሜትር አረጋግጫለሁ።

ችግሩ ይኸውልህ። ደጋኑ ሲወጠር በመጨበጫውና በአውታሩ መካከል ያለው ክፍተት ጡጫ ጨብጦ አውራ ጣት የማቆም ያህል መሆን አለበት። ጥሩነህ እንዲያ ነው የሚለካው። ስንጀምር ልክ ነበር፣ 16 ሴ.ሜ.። በሃያኛው ፍላጻ አውራ ጣቴ ታጠፈ። 13 ተኩል። ጅማቱ እየተለጠጠ ነው። አውታሩ የብርቱካንን አንጓ መግረፍ ጀመረ። አምስቱ የመጨረሻ ፍላጻዎች ከአማካዩ በ9 ርምጃ አጠሩ።

ዝናብ እንኳ ሳይኖር።

የሺ፣ ባለቤቴ፣ ከአጥሩ ሥር ሽንብራ እየለቀመች ታየናለች። ጡረታ የወጣኸው አንተ ነህ ወይስ ጥቁር ሰሌዳው? አለችኝ። ብርቱካን እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣ የሸኙኝ ቀን የሰጡኝን የግድግዳ ሰዓት እንኳ ባትሪ የቀየርሁለት እኔ ነኝ። አሁን የሚለካ ነገር አገኘሁ። ይለካል።

ጥር 8፣ ጠዋት 3፡00

ሌሊቱን ጅማቱን አውርጄ ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቅዬ አሳደርሁት። ጠዋት ባለ ዐሥር ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቼ አንጠለጠልሁበት። በግማሽ ሰዓት ሁለት ጣት ረዘመ። ጀሪካኑን ሳወርድ ሁሉንም አልተመለሰም።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከባሕር ዳር ሚኒባስ ያመላልሳል። ሐይቅ ላይ መረብ የሚሠሩበት ቀጭን፣ ነጭ፣ የተገመደ ክር አለ፤ ሲስቡት አይለጠጥም ይላል። አምጣልኝ አልሁት።

ወንድሜን ማስፈቀድ አለብኝ። ደወልሁ። ኔትወርኩ ሦስቴ ተቆረጠ። በአራተኛው አገኘሁት። ሰላምታው ረዘመ፤ ከብቱ፣ ገብሱ፣ የእግሩ ቁርጥማት። ከዚያ ነገርሁት። ጉሮሮውን ጠራረገ።

ክር አይሆንም አለኝ።

ለምን?

ጅማቱ ያውቀዋል።

ምኑን ነው የሚያውቀው፣ ጋሼ?

ደጋኑን ነዋ! ጅማት ይሰጣል፣ ይቀበላል። ክር አይሰጥም።

ይህ ማስረጃ አይደለም አልሁት። ድምፄ ክፍል ውስጥ የነበረው ድምፄ ነበር፤ ለእኔም ተሰማኝ። እሱም ሰምቶታል። አንተ ትምህርቱ አለህ፣ እኔ እንጨቱ አለኝ፤ ክር የምታስርበት ከሆነ እንጨቴን መልሰህ ላክልኝ። ዘጋው።

ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከወንድሜ ጋር እንደ ልጅ እጣላለሁ። «ይሰጣል፣ ይቀበላል።» ተማሪ ቢሆን ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ጥር 12፣ ማታ

ጥምቀት አለፈ። ክሩ መጣ። ክ. እንበለው። ክ.፦ ስድስት ድርብ አድርጌ ገመድሁት። ክብደቱ ከጅ. ሲሶ ያንሳል። ያው ጀሪካን፣ ያው ግማሽ ሰዓት። የተለጠጠው፦ የጥፍር ውፍረት አይሞላም።

«አለመለጠጥ = ጥሩ» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

ደጋኑ ላይ አላሰርሁትም። ጀሪካን ላይ ነው ያንጠለጠልሁት። ጀሪካኑ የእኔ ነው።

ጥር 13፣ ቀትር

የሺና ብርቱካን ገበያ ወረዱ። ብቻዬን ነኝ።

አሰርሁት። ለማየት ብቻ። ጉልበቴ እንደ ብርቱካን አይደለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ በጅ. ዐሥር፣ ቀጥሎ በክ. ዐሥር ወረወርሁ። ንጽጽሩ እንዲያ ነው ትክክል የሚሆነው። ጅ.፦ አማካይ 96። ክ.፦ አማካይ 107። ዐሥራ አንድ ርምጃ! እንጨቱ ያው፣ ክንዱ ያው፣ ፍላጻው ያው። አውታሩ ሲቀል ፍላጻው ፈጥኖ ይወጣል፤ እንጨቱ ከባድ ጅማት ለመጎተት ጉልበት አያባክንም። ፍላጻው ሲፈጥን መንገዱ ቀጥ ይላል፤ መንገዱ ቀጥ ሲል ዒላማው ይቀርባል። ክፍተቱን ለካሁ። 16። በመጨረሻም 16። አውራ ጣቴ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ደስታ ነው መሰለኝ። ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ ነገር እንደጠበቅሁት ሆነ።

ማታ

ብርቱካን ከገበያ ገባች፣ ክሩን ከደጋኑ ላይ አየችው። በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ቁጥሩን አሳየኋት። ዓይኗ በራ። ከዚያ ቀዝቀዝ አለች።

አባዬ ፈቅዷል፣ ጋሼ? አለችኝ።

አዎ አልሁ።

ሌላ አልጨመርሁም። አንዲት ቃል ናት። ካስረዳሁት በኋላ የሚፈቅድ ስለሆነ ዛሬ ይሁን ነገ ለውጥ የለውም ብዬ ነው። ለአንተ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፤ እጄ ግን ብዕሩን እየተጫነ ቀለሙን እያጠቆረው ነው።

ጥር 17

ከዐሥር ፍላጻ ዘጠኝ! በሠላሳ ርምጃ፣ ሰፌድ የሚያህል ሰሌዳ ላይ። በጅ. ከዐሥር ስድስት ነበር። ብርቱካን ማሳው ውስጥ እስክስታ መታች። ዳገቱ ላይ የሚያልፉ ሰዎች በቅሎአቸውን አቁመው አዩዋት። አንደኛው ማንን ልትገድዪ ነው ብሎ ጮኸባት። ሦስተኛነትን! አለችው። ሰውየው ምን እንደሆነ ሳይገባው በርቺ ብሎ ሄደ።

የሺ አንድ ነገር አለች። በጅማቱ ጊዜ ደጋኑ እም ይል ነበር፣ አሁን ጧ ይላል አለች። ይሄ እንጨት እየጮኸ ነው፣ መምህር።

ድምፅ መለኪያ የለኝም አልኋት።

ጆሮ የለህም? አለችኝ።

በሰንጠረዤ ውስጥ የድምፅ ዓምድ የለም። አምስት ዓምድ አለኝ፦ ርቀት፣ ክፍተት፣ ልጠጣ፣ ነፋስ፣ ዒላማ። በቂ ነው።

ጥር 24፣ ከሰዓት 10፡00

ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። ወጥ ነው። እንዲህ ያለ ወጥ ውጤት በሕይወቴ ያየሁት ጥቂት ነው።

ብርቱካን ግራ እጇ እስከ ክርኗ እንደሚነዝራት ነገረችኝ። ስትለቅ ይመታኛል አለች። መጨበጫው ላይ ከአሮጌ ካፖርቴ ቆዳ ቆርጬ ጠመጠምሁላት። ቀነሰልኝ አለች። ጻፍሁ፦ «ንዝረት፣ በቆዳ ተፈታ።»

ልትገባ ስትል ተመለሰች። ላይኛውን ጫፍ ወደ ፀሐይ አዞረች። ከቁርጡ ሥር ፀጉር የመሰለች መስመር።

ጋሼ፣ ይቺ ድሮም ነበረች?

የእንጨቱ ተፈጥሮ ነው አልኋት። ወይራ እንዲህ ያለ መስመር አለው።

እሺ አለች። ታምነኛለች። አባቷ ጋ ስትሆን ሁሉን ትከራከራለች፤ እኔን አንዴ ጠይቃ ትቀበላለች፤ መምህር ስለሆንሁ።

የካቲት 2፣ ምሽት

ጥሩነህ ደወለ። ስልኩን የሺ አነሳች። ቤት የለም በዪው አልኋት። በዐይኗ ቆረጠችኝ፣ ግን ዋሸችልኝ። በመጀመሪያ ያነሳው ስለ ደጋኑ ነው፤ ደኅና ነው ወይ ብሎ። ከዚያ ነው ስለ ልጁ የጠየቀው። ብርቱካን ስልኩን ተቀብላ አኮረፈች። ስለ እንጨት ነው የምትጠይቀው? እኔ ደኅና ነኝ፣ እንጨትህም ደኅና ነው! አለችው። ስለ ክሩ ልታመሰግነው አፏን ስትከፍት ኔትወርኩ ሄደ።

ኔትወርኩ ሄደ። እኔ ጥግ ቆሜ እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። በዚህ ዕድሜዬ በተቆረጠ ስልክ አምላኬን አመሰገንሁ።

የሺ እራት አቅርባ አጠገቤ ተቀመጠች። አልፈቀደም አይደል? አለችኝ። እንጀራ ቆረስሁ። ንገራት አለችኝ። ከምርጫው በኋላ አልሁ። ከምርጫው በኋላማ የሚነገረው ሌላ ነው አለች፤ ተነሥታ ሄደች።

የካቲት 8፣ ማታ 2፡00

ነገ ነው። ጅማቱን ከማገሩ ላይ አወረድሁት። ደርቆ ጠንክሯል። አንዴ አሰብሁ፤ ክሩን ልፍታ፣ ጅማቱን ልመልስ፣ ለብርቱካን የሆነ ምክንያት ልስጣት። ከዐሥር ስድስት ይሆናል። ስድስት ደግሞ ሦስተኛነት ነው። ሰማዩን አየሁ። በምሥራቅ በኩል ደመና አለ።

ጅማቱን መልሼ ሰቀልሁት።

የካቲት 9፣ ምሽት

ልጻፍ። በቅደም ተከተል።

ዐሥራ አንድ ሴቶች። ሦስት ዙር፣ በየዙሩ ሦስት ፍላጻ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። በመጀመሪያው ዙር ሦስቱም ገቡላት። በሁለተኛው ሦስቱም ገቡ። እየመራች ነበር። ሰው ስሟን ሳያውቅ የደ/ኤልያሷ፣ የደ/ኤልያሷ እያለ ይጮኻል። ዞር ብላ አየችኝ፣ ጣቷን አሳየችኝ፤ አንድ።

ሦስተኛው ዙር፣ የመጀመሪያው ፍላጻ። ሳበች። ለቀቀች። ጧ ያለው ድምፅ ሌላ ነበር። ላይኛው ጫፍ ከመስመሯ ላይ ተሰነጠቀ፣ ስንዝር የሚያህል እንጨት ተገንጥሎ ከክሩ ጋር ተመልሶ መጣባት። ከግራ ቅንድቧ በላይ። ክሩ አልተበጠሰም። ከግማሹ እንጨት ላይ ታስሮ ተወዛወዘ።

ሮጥሁ። በዚህ ጉልበት። ደሙ ዓይኗን ሞልቶታል፤ ዓይኗ ግን ደኅና ነው። አንዲት ተወዳዳሪ የራሷን ደጋን አዋሰቻት። የሌላ ሰው ደጋን የሌላ ሰው ጫማ ነው። በአንድ ዓይን ሁለቱን ወረወረች። ሁለቱም ሳቱ።

አራተኛ ወጣች። ሦስተኛ እንኳ አይደለችም።

ጤና ጣቢያ አራት ቦታ ሰፉላት። አላለቀሰችም። ስትመለስ የእንጨቱን ስብርባሪ ለቅማ በነጠላዋ ቋጥራ መጥታለች።

የካቲት 10፣ ከንጋት ጀምሮ

ስብርባሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። አጉሊ መነጽር።

ስብራቱ የጀመረው ከቁርጡ ነው። ክሩ ቀጭን ስለሆነ እንጨቱን እንደ ቢላ ቆርጦታል፤ ጅማቱ ግን ወፍራም ነው፣ ጫናው በሰፊው ያርፋል። ከቁርጡ በታች ስንጥቁ የእንጨቱን ሥር ተከትሎ ወርዷል። ውስጡ ሁለት ቀለም አለው። ከላይ በኩል የጠቆረ፣ ከታች ነጭ። የጠቆረው የቆየ ስንጥቅ ነው፤ እድፍ ገብቶበታል። የትናንት አይደለም። ብዙ ቀን ሆኖታል።

ወደ ኋላ ገለጥሁህ። ጥር 3። «ላይኛው ንጹሕ። ታችኛው ንጹሕ። መስመር የለም፣ ስንጥቅ የለም።»

አንተ ይዘኸው ነበር። በራሴ እጅ ጽፌ ሰጥቼህ ነበር። ጥር 24 ብርቱካን ጫፉን ወደ ፀሐይ አዙራ ስትጠይቀኝ ጉልበቴ ላይ ነበርህ። ሃያ ገጽ መግለጥ ነበር የሚያስፈልገው። የእንጨቱ ተፈጥሮ ነው አልኋት። ተማሪ ማስረጃ ሳያይ መልስ ሲሰጠኝ ጠመኔ የምወረውር ሰው ነበርሁ።

ሌላም። ለሠላሳ አንድ ዓመት ጉልበት አይጠፋም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል እንጂ ብዬ አስተማርሁ። በየዓመቱ፣ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ምሳሌ። ደጋን ሲሳብ ጉልበት ያጠራቅማል። ሲለቀቅ አብዛኛውን ፍላጻው ይወስደዋል። የቀረውስ? ጅማት ስለሚለጠጥ የቀረውን እየተሳበ ያለዝበዋል። ክር አይለጠጥም፤ በአንድ ምት ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ምቱን እንጨቱ ይቀበላል። በየፍላጻው። በቀን ስድሳ ፍላጻ። የብርቱካን ክንድ የነዘረው ለዚህ ነው። እንጨቱ ጧ ያለው ለዚህ ነው። ክንዷ ነገረኝ፣ የሺ ነገረችኝ፣ እንጨቱ ነገረኝ። አምስት ዓምድ ነበረኝ፤ አምስቱም ስለ ፍላጻውና ስለ አውታሩ። ስለ ደጋኑ አንድም የለም።

ይሰጣል፣ ይቀበላል። ወንድሜ በሁለት ቃል ነግሮኝ ነበር። ዜሮ ሰጠሁት።

የካቲት 12፣ ጠዋት

ብርቱካን ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የቋጠረችውን እንጨት አልሰጥም አለች፤ ለአባቴ አሳየዋለሁ ብላ።

አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመን ሳለ ተናገረች። በእኔ አልተቆጣችም። በአባቷ ነው። አንተ ጋሼ የቻልኸውን አድርገሃል፣ እሱ ግን እንጨቱን ያውቀዋል አይደል? ራሱ ነው የጠረበው። ለምን ፈቀደ? አንዴ እምቢ ቢል ምን ነበረበት? በሁሉ ነገር እምቢ የሚል ሰው!

እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ረዳቱ ግቢ ግቢ አላት። ገባች። ከመስኮት እጇን አወጣች፣ ፋሻው ቅንድቧ ላይ ነጭ ሆኖ።

ዝም ብዬ ቆሜ አሳለፍኋት። ሁለተኛ ውሸት ነው። ያለ ቃል።

የካቲት 15

የሚጻፍ የለም። ማሳው ላይ ወረድሁ። የብርቱካን የጫማ ኮቴ አሁንም አለ። ግድግዳው ላይ የተሰጠኝ ሰዓት ቆሟል። አልነካውም።

የካቲት 18፣ ማታ

ቄስ ሞላ መጡ። የጥሩነህ የቅርብ ጎረቤት ናቸው፤ ለቤተ ክህነት ጉዳይ ከተማ ገብተው እኛ ቤት አደሩ። ያመጡትን ወሬ እንደ መስቀል ቀስ ብለው ነው የሚያሳልሙት። እራት በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ አመስግነው ከዚያ ጀመሩ።

ብርቱካን በገባች ዕለት እሳቸው እዚያው ነበሩ። ስብርባሪውን ከአባቷ እግር ሥር ዘረገፈችው። ይኸው እንጨትህ! ክሩን አንተ ነህ የፈቀድኸው፣ ዓይኔ ሊጠፋ ነበር አለችው። ጥሩነህ ቅንድቧን አየ። ስብርባሪውን አየ። ከቁርጡ ላይ ታስሮ የቀረውን ነጭ ክር በጣቱ ነካው። ቄሱ እንደሚሉት እጁ በጣም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ፦ አዎ፣ ተሳስቻለሁ አለ።

ቄስ ሞላ አንድም ነገር አያውቁም። ታላቅ ትሕትና ነው፣ አባት ልጁን ይቅርታ ሲለምን አይቼ አላውቅም አሉኝ። የሺ ሳህኑን አንሥታ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ገባህ? አውቋል። ክሩን ሲነካ አውቋል። እምቢ ማለቱን ሊነግራት ይችል ነበር፣ አልነገራትም። እኔን ነው የሸሸገኝ። ልጁ አጎቷን እንዳታጣ የእኔን ውሸት ለራሱ ወሰደ። አሁን ልጁ አታናግረውም። በአንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት ሳህን ነው የሚቀርበው ይላሉ ቄሱ።

ከዚያ ከካባቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጥሩነህ ነው የላከልህ አሉኝ። ፈታሁት። አዲስ የጅማት አውታር። ጎርባጣ ነው፤ ግምዱ አንዳንድ ቦታ ይላላል፣ አንዳንድ ቦታ ይጠብቃል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ሥራ። ግን ለስላሳ ነው፣ ይሸታል። የማር ሰም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰም ጠጥቷል።

ምን አለ? አልኋቸው። ዝናብ እንዳያስገባ ሰም አጠጥቼው ነበር፤ ለምርጫው ልልከው ስል አልደርስ አለኝ፤ ከገና ጀምሮ ነው የገመድሁት፣ በቀን ጥቂት ጥቂት አለ አሉኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ጥር 8 ስደውልለት እየገመደ ነበር። ዝናቡን አስቦበት ነበር። አልነገረኝም። እኔም ጅማት ሲረጥብ ምን ይደረጋል ብዬ አልጠየቅሁትም። ክር ልሰር ወይ ብዬ ነው የጠየቅሁት።

የካቲት 19፣ ጠዋት 12፡30

አውታሩን ማገሩ ላይ ሰቀልሁት። ጀሪካኑን ሞልቼ አንጠለጠልሁ። አንድ ጣት ተለጠጠ። ውኃ ረጨሁበት። ጠብታው እየተንከባለለ ወረደ። ጀሪካኑን ሳወርደው እየጎተተ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ሙሉ በሙሉ። ለማን እንደምለካ አላውቅም። የሚታሰርበት ደጋን የለም።

የሺ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ዛሬም ትለካለህ? አለች። በቁጣ አልነበረም። የከፋው እሱ ነው።

ወስኛለሁ። በስልክ አልነግራትም፤ ስልክ ላይ መሸሽ እንደምችል አይቻለሁ። ቄስ ሞላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይነሣሉ። ደብዳቤ እልካለሁ። ያልሁትን በኋላ እንዳልክድ እዚህ እገለብጥብሃለሁ።

ለብርቱካን ጥሩነህ፣

መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ከዚያ አባትሽ ፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው።

አባትሽ ክሩን አልፈቀደም። ጥር 8 በስልክ ጠየቅሁት፣ አይሆንም አለኝ፤ ካሰርህበት እንጨቴን መልስ አለኝ። ጥር 13 ፈቅዷል ወይ ስትዪኝ አዎ ያልሁሽ ሐሰት ነው። መስመሯን ስታሳዪኝም የእንጨቱ ተፈጥሮ ነው ያልሁሽ ሳላጣራ ነው፤ መስመር እንዳልነበረ በራሴ እጅ ጽፌ ነበር። የእነዚህን ቀኖች ገጽ ገልብጬ አያይዤልሻለሁ። ከዐሥር ዘጠኝ ያገባሽው በአንቺ ክንድ ነው። ደጋኑን የሰበርሁት እኔ ነኝ።

አባትሽ ተሳስቻለሁ ያለው እኔን ለመሸፈን ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አድርጌ አላውቅም። እራትሽን ከእሱ ጋር ዛሬውኑ ብዪ።

የላከው አውታር እኔ ዘንድ አለ። ለካሁት፣ ጥሩ ነው። እሱ መጥረብ ባይችል አፉ ይችላል። የወይራ እንጨት የት እንደሚቆረጥ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደርቅ ይንገረኝ፤ እኔ እጄ አይንቀጠቀጥም። የምለካው እሱ ለካ ያለኝን ብቻ ነው። ያ ዕድሜሽን ወደ ኋላ አይመልሰውም። ምርጫውም አይደገምም። አውቃለሁ።

ይቅር አልልህም ካልሽ ይህንኑ ጻፊልኝ፤ መብትሽ ነው። ዝም ብቻ አትበዪኝ። ዝምታ ከእኔ ይበቃል። ቄስ ሞላ ለቅዳሜ ይመለሳሉ። መልስሽን በእሳቸው እጅ ስጪልኝ፣ ሁለት መስመርም ቢሆን። ቅዳሜ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። እባክሽ አታዘግዪብኝ። አጎትሽ።